የፒክአፕ መኪና የኋላ ባሌስትራ ማሻሻያ

የኋላ ባሌስትራ ማሻሻያ ማለት አንድ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለትን የኋላ ሰስፔንሽን፣ ማለትም ባሌስትራውን፣ አሞርዛተሩንና ማያያዣዎቻቸውን፣ ሌሎች አምራቾች ለብቻ በሚሸጧቸው ዕቃዎች መተካት ወይም ማጠናከር ነው። በብዛት የሚሠራው እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር 79 ባሉ፣ ከኋላ በኩል ድፍን አክስልና ባሌስትራ ባላቸው መኪኖች ላይ ነው። ሃይሉክስ ማምረት ከተጀመረበት ከ1968 እ.ኤ.አ. አንስቶ የኋላ ክፍሉ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው።

ባለቤቶች ወደዚህ ሥራ የሚገቡት በተለያየ ምክንያት ነው። አንዱ መኪናው ሲጫን ኋላው እየወረደ አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚቀና፣ ሌላው በኮሮኮንች መንገድ ላይ አሞርዛተሩ ስለማይበረክትለት፣ ሌላው ደግሞ ባሌስትራው በዕድሜ ረግቦ ስለተዘረጋበት ነው። ማሻሻያው የመኪናውን ቁመትና አካሄድ ይለውጣል። የተፈቀደለትን የጭነት መጠን ግን አይለውጥም። በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ስለ ስሞቹ

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚሠራባቸው ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ባሌስትራ» በጣሊያንኛ በመጀመሪያ ትርጉሙ በእንጨት እጀታ ላይ ተጋድሞ ይወረወርበት የነበረ የጦር ቀስት ሲሆን፣ የመኪናው ብረት ይህን ስም ያገኘው በቅርጹ ነው። እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ሲጫኑት የሚቃና፣ ሲለቁት የሚመለስ ብረት ነው። «ሞላ»፣ «አሞርዛተር»፣ «ጎሚኒ»፣ «ቡሎን»፣ «ፍሬን» እና «ካምቢዮ» የመጡትም ከዚያው ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ባሌስትራን የሚሠሩት ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረቶች እያንዳንዳቸው «ቅጠል» ተብለዋል።

ባሌስትራ እንዴት ይሠራል

ባሌስትራ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛው የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ መንገዱ የሚያመጣውን ምት ማለዘብ ነው። ሁለተኛው አክስሉን በቦታው መያዝ ነው። ጥምዝ ሞላ ባላቸው መኪኖች አክስሉ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዙት ልዩ ልዩ ዘንጎች ናቸው። ባሌስትራ ባላቸው ግን ይህን ሁሉ የሚችለው ያው ብረት ነው። ባሌስትራ በጭነት መኪና ላይ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ቀላልነቱ ነው።

የባሌስትራው የፊት ጫፍ በሻንሲው ላይ በቋሚ ፒን ይታሰራል። የኋላ ጫፉ ግን ባሌስትራው ሲቃና ስለሚረዝም ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ይያያዛል። መሃሉ ላይ አክስሉ በዩ-ቦልት ይታሰራል። ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሃል ቡሎን ነው። የዚህ ቡሎን ጭንቅላት በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ አክስሉ እንዳይንሸራተት ይጠብቃል። ይህ ቡሎን የተሰበረበት መኪና ከኋላ ሲታይ ገላውን አጣሞ እንደሚሄድ ውሻ ይሆናል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ በአንድ መስመር አይሄዱም።

የብረቱ ዓይነትም ተራ አይደለም። ባሌስትራ የሚሠራው ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ከተጨመረበት፣ የካርቦን መጠኑ ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ ከሆነ ብረት ነው። ብረቱ እስኪግል ተሞቆ በዘይት ውስጥ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና ይሞቅና እንዳይሰባበር ይለዝባል። ብዙ አምራቾች በመጨረሻ ላይ የቅጠሉን ገጽ በትናንሽ የብረት እንክብሎች ይደበድቡታል። በጭነት ጊዜ የሚወጠረው የላይኛው ገጽ ስለሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ድብደባው ይህን ገጽ አስቀድሞ አጥብቆ ስለሚያሳድረው የብረቱ ዕድሜ ይረዝማል።

የጥንካሬው ሒሳብ

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ እዚህም ይሠራል። ሞላ የሚወርደው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን አወራረዱም እጥፍ ይሆናል። አንድን ሞላ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ የሚያስፈልገው ክብደት የሞላው ጥንካሬ ይባላል።

የባሌስትራ ጥንካሬ ከቅጠሎቹ ብዛት ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከቅጠሎቹ ውፍረት ጋር ግን የሚያድገው በሦስተኛ ርቢ ነው፤ ከርዝመቱ ጋር ደግሞ በሦስተኛ ርቢ ይቀንሳል። ስለዚህ አራት ቅጠል ባለው ባሌስትራ ላይ ተመሳሳይ አምስተኛ ቅጠል ቢጨመር ጥንካሬው በ25 በመቶ ያድጋል። ቁጥራቸው ሳይለወጥ የሁሉም ውፍረት ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 8 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ግን ጥንካሬው በ50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ገዢው በዓይኑ የማይለየው አንድ ሚሊ ሜትር ከአንድ ሙሉ ቅጠል የበለጠ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ባሌስትራን በቅጠሎቹ ቁጥር ብቻ ማወዳደር የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል ባዶ ሳለ በእያንዳንዱ የኋላ ባሌስትራ ላይ 300 ኪሎ ግራም የሚያርፍበትን ፒክአፕ እንውሰድ። የባሌስትራው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 4 ኪሎ ግራም ቢሆን ባሌስትራው በባዶው 75 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በኋላ አክስሉ ላይ በጠቅላላ 600 ኪሎ ግራም ዕቃ ቢጫን የእያንዳንዱ ባሌስትራ ጭነት 600 ኪሎ ግራም ስለሚሆን አወራረዱ 150 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በምትኩ በሚሊ ሜትር 6 ኪሎ ግራም የሚችል፣ ጉብጠቱ ግን እኩል የሆነ ባሌስትራ ቢገጠም፣ በባዶው 50፣ በጭነት 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወርዳል። የተጫነው መኪና 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ባለቤቱ ገንዘቡን ያወጣው ለዚህች ከፍታ ነው።

ዋጋው የሚታየው መኪናው ባዶ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ባሌስትራ በባዶው በሰከንድ 1.8 ጊዜ፣ በጭነት 1.3 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠንካራው ደግሞ በጭነት 1.6፣ በባዶው 2.2 ጊዜ ነው። ሰው የሚመቸው በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ የሚሆን ርጋታ ያለው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ጠንካራው ባሌስትራ ሲጫን ደህና ሆኖ ባዶውን ሲሄድ ተሳፋሪውን ያንገጫግጨዋል። ከምቾቱ የሚብሰው ደግሞ ኋላው በኮሮኮንች ላይ እየዘለለ ጎማው ከመሬት መለየቱ ነው። ጎማ ከመሬት ሲለይ አይገፋም፣ አይዝም፣ ፍሬንም አይሠራለትም። በኩርባ ላይ ባዶ ፒክአፕ ኋላው ድንገት ወደ ጎን የሚሸሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለዚህ ችግር የፋብሪካዎቹ መልስ ሁለት ደረጃ ያለው ባሌስትራ ነው። በብዙ የሃይሉክስ ሞዴሎች ከሥር ያለው ወፍራም ቅጠል ቀጥ ያለ ስለሆነ በባዶው ከሌሎቹ ጋር አይነካካም። ሥራ የሚጀምረው መኪናው ሲጫንና የላይኞቹ ቅጠሎች ወርደው ሲያርፉበት ነው። ከሻንጣና ከተሳፋሪ በላይ የማይጭን ሰው ባሌስትራውን ከማጠንከሩ በፊት ይህ የታችኛው ቅጠል ሥራ ላይ መድረሱን ቢያይ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ አይደርስም።

በገበያ ላይ የሚገኙት ዕቃዎች

ሙሉ ባሌስትራ መለወጥ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው። ደህና አምራቾች ለአንድ መኪና አንድ ዓይነት ብቻ አይሠሩም። የአውስትራሊያው ኤአርቢ ኩባንያ ኦልድ ማን ኢሙ በሚል ስም የሚሸጣቸው ባሌስትራዎች፣ ለምሳሌ፣ መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ክብደት የተለያዩ ናቸው። ገዢው መምረጥ ያለበት በዓመት አንድ ጊዜ የሚጭነውን ከፍተኛ ጭነት አስቦ ሳይሆን በአብዛኛው ቀን የሚሸከመውን አስቦ ነው። ፓራቦሊክ የሚባሉትም አሉ። እነዚህ ከመሃል ወፍራም ሆነው ወደ ጫፍ የሚሳሱ ጥቂት ቅጠሎች ናቸው። ቅጠሎቹ ስለማይፋተጉ በትናንሽ ምቶች ላይ ለስላሳ ናቸው። ነገር ግን ያ ፍትጊያ ራሱ እንቅስቃሴን ያበርድ ስለነበር ፓራቦሊክ ባሌስትራ የተሻለ አሞርዛተር ይፈልጋል።

በነባሩ ባሌስትራ ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ርካሽና በየሰፈሩ የሚሠራ ዘዴ ነው። የሚጨመረው ቅጠል ጉብጠት ከሌሎቹ ጋር ካልተጣጣመ ግን ሸክሙ በአንዱ ላይ ይወድቅና ያ ቅጠል ቀድሞ ይሰበራል። የረገበውን በመዶሻ መልሶ ማጉበጥም የተለመደ ነው። በቀዝቃዛው የተሠራ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል። በእሳት አግሎ ማጉበጥ ግን ፋብሪካው በሙቀት የሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ ባሌስትራ ወይ ቶሎ ይረግባል ወይ በድንገት ይሰበራል።

ማንጠልጠያውን ማስረዘም መኪናውን ያስነሳል እንጂ አያጠነክረውም። አክስሉ በባሌስትራው መሃል ስለሆነ ማንጠልጠያው በ5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናው ከፍ የሚለው በግማሹ፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያውም አክስሉ ትንሽ ስለሚዞር ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ማዕዘን ይለወጣል። መስቀለኛ መጋጠሚያው ከዚያ በኋላ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቶሎ ቢበላ አያስገርምም።

በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባ የአየር ሞላ ሌላው ምርጫ ነው። ጥቅሙ ሲጫን ተነፍቶ ባዶ ሲሆን መተንፈሱ ነው። ጉዳቱ ያለው በሻንሲው ላይ ነው። ባሌስትራ ሸክሙን በሻንሲው ላይ የሚያሳርፈው በሁለት ጫፎቹ፣ አንዱን ከአክስሉ ፊት ሌላውን ከአክስሉ ኋላ፣ ከፋፍሎ ነው። የአየር ሞላ ግን ሁሉንም በአክስሉ አናት ባለች አንዲት ነጥብ ላይ ይገፋል። ብዙ ዕቃ ከኋላ ጫፍ ላይ ሲጫን፣ ወይም ተጎታች ሲታከልበት፣ ያች ነጥብ እንደ ሚዛን ምሶሶ ሆና ሻንሲው ከካቢኑ በስተኋላ ይጎብጣል። በአውስትራሊያ ባለ አራት በር ፒክአፖች ላይ ይህ ጉዳት ደጋግሞ ታይቷል።

ከባሌስትራ ወደ ጥምዝ ሞላ የሚያዞሩ ሙሉ ዕቃዎችም ይሸጣሉ። በተለይ ለላንድክሩዘር 79 ተፈላጊ ናቸው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህ መኪና የፊት ጎማዎች ርቀት ሲሰፋ የኋላዎቹ ስላልተለወጡ የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን ፈለግ በትክክል አይከተሉም፤ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ሁለተኛ ፈለግ ይቀዳሉ። አንዳንድ ዕቃዎች ይህንንም አብረው ያስተካክላሉ። ዋጋቸው ውድ ነው።

አሞርዛተር

አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ሥራው ሞላው ከወረደ በኋላ ሲመለስ እንዳይዘልል እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ይሞቃል፤ በረጅም የኮሮኮንች ጉዞ ላይ ገላው እጅ የማያስነካ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ሲግልና ከአየር ጋር ሲደባለቅ አረፋ ይሠራል። አረፋ በቀዳዳው ያለ ተቃውሞ ስለሚያልፍ አሞርዛተሩ እንደሌለ ይሆናል። ይህን ለመከላከል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ብዙ ዘይት የሚይዝ ሰፊ አካል መሥራት ነው። ሌላው ናይትሮጅን ጋዝን በግፊት ከዘይቱ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ባለ አንድ ቱቦ አሞርዛተር የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ዓይነት የታወቀው የጀርመኑ ቢልስታይን ነው።

ባሌስትራን ለውጦ አሞርዛተሩን መተው የተለመደ ስህተት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ጥንካሬው ከ4 ወደ 6 ሲያድግ የአሮጌው አሞርዛተር የማብረድ አቅም በንጽጽር በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞላው በበለጠ ኃይል ሲመለስ የሚይዘው ያው የድሮው ነውና። የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። በረገበ ባሌስትራ ላይ ጠንካራ አሞርዛተር መግጠም መኪናውን አያስነሳም፤ ከጭነቱ የሚወርደውን ከፍታ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይቀንስም። ርዝመቱም መታየት አለበት። መኪናው ከፍ ካለ በኋላ አሮጌው አሞርዛተር አጭር ከሆነ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል አክስሉን የሚይዘው እሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ዘንጉ ወይም ማሰሪያው ይነቀላል።

የፍሬን ጉዳይ

ከሁሉም ይልቅ የሚረሳው ይህ ነው። በብዙ የቆዩ ሃይሉክሶችና መሰል ፒክአፖች ላይ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ በሻንሲው ላይ አለ። ከቫልቩ አንድ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። መኪናው ሲጫንና ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ ዘንጉ ቫልቩን ይከፍትና የኋላ ፍሬን ይበረታል። ባዶ ሲሆን ይጠብና የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ ይደረጋል። ቫልቩ ክብደት መመዘን አይችልም። የሚያውቀው ርቀትን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በጠንካራው ባሌስትራ ላይ 600 ኪሎ ግራም የጫነው መኪና 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ወርዷል። በፋብሪካው ባሌስትራ 100 ሚሊ ሜትር ማለት በጠቅላላ 200 ኪሎ ግራም ጭነት ማለት ነበር። ስለዚህ ቫልቩ መኪናው የያዘውን የጭነት ሲሶ ብቻ አይቶ የኋላ ፍሬኑን በዚያ ልክ ይመጥናል። የቀረውን የፊት ፍሬን ብቻውን ይሸከማል። በሜዳ ላይ ሾፌሩ ላያስተውለው ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን፣ ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርዱት ጠመዝማዛ መንገዶች ዓይነት፣ የፊት ፍሬኖቹ ከልክ በላይ ይግሉና የመያዝ ኃይላቸው ይደክማል። ችግሩ የሚፈታው የቫልቩን ዘንግ በአዲሱ ከፍታ በማስተካከል ወይም ለዚሁ የተሠራውን ማያያዣ በመግጠም ነው። ባሌስትራው የተለወጠበት ጋራዥ ይህን ካላነሳ ባለመኪናው ሊጠይቅ ይገባል። ወደ አክስሉ የሚወርደው የፍሬን ጎማ ቱቦም አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል እንደማይወጠር መታየት አለበት።

ኋላው ከፍ ማለቱ ፊቱንም ይነካል። የሁለት አክስሎች ርቀት 3.085 ሜትር በሆነበት ባለ አራት በር ሃይሉክስ ላይ ኋላው ብቻ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢነሳ መኪናው ወደ ፊት አንድ ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። የፊት መብራቱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ የሚመለስበት ኃይልም በጥቂቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አላይመንትና የመብራት ማስተካከያ የሥራው አካል ናቸው።

የተፈቀደው ጭነት

የአንድ መኪና ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት የሚወሰነው በባሌስትራው ብቻ አይደለም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ሻንሲውና ፍሬኑ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ አሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማጠንከር የደካማውን ወሰን አያነሳም። ሲጫን ቀጥ ብሎ የሚቆም መኪና ከልክ በላይ መጫኑን እንዲያውም ይደብቃል፤ የወረደው ኋላ ሾፌሩንም ተቆጣጣሪውንም ያስጠነቅቅ ነበር። በአውስትራሊያ የተፈቀደውን ክብደት በሕግ ማሳደግ ይቻላል። ያም የሚሆነው ሙሉው ዕቃ ተፈትኖ፣ በባለሙያ ተረጋግጦና በመኪናው ላይ ተመዝግቦ ነው።

ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታም ከክብደቱ እኩል ይቆጠራል። የአክስሎቹ ርቀት 3 ሜትር በሆነ መኪና ላይ 100 ኪሎ ግራም ዕቃ ከኋላ አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢጫን በኋላ አክስሉ ላይ የሚያርፈው 133 ኪሎ ግራም ነው። ትርፉ 33 ኪሎ ግራም ከፊት ጎማዎቹ ላይ የተነሳ ነው። የነዳጅ በርሜልን ወደ ካቢኑ አስጠግቶ ማሰር አንዳንድ ጊዜ አዲስ ባሌስትራ ከመግዛት ይሻላል።

ገጠማ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም ማዕዘን ተለክቶ ይጻፋል። አለዚያ ምን ያህል እንደተነሳ፣ ወደ አንድ ጎንም ማዘንበሉን ማወቅ አይቻልም። መኪናው ተነስቶ ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያርፋል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሰው የገደለ ልማድ ነው።

ዩ-ቦልቶች ሲጠብቁ ስለሚሳቡ አሮጌዎቹ መልሰው አይገጠሙም። የሚጠብቁትም በመስቀል አቅጣጫ፣ በየተራ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ነው። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍባቸው ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ከጥቂት ወራት በኋላ ይቀደዳል። ብዙ ሰው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚያማርርበት የጎሚኒ መበጣጠስ ብዙ ጊዜ የገጠማው ስህተት ነው። አዲስ ቅጠሎች በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች እርስ በርስ ስለሚላመዱ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ሁሉም ቡሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ። ከፍታውም በዚያው እንደገና ይለካል፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር መውረዱ የተለመደ ነው።

የወለቀው አሮጌ ባሌስትራ አይጣልም። ብረቱ ስለት የመያዝ ባሕርይ ስላለው አንጥረኞች ቢላና የእርሻ መሣሪያ ይሠሩበታል።